ዳገት ላይ ላለው የግቢያችን በር ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን የምጽፈው የግቢያችንን በር ለሠራልን የብረታ ብረት ባለሙያ በአደባባይ ምስጋናዬን ለማቅረብና፣ እንደ እኛ ግቢው ከመንገዱ ከፍ ብሎ የተቸገረ ሰው ካለ በሙሉ ልብ ለመጠቆም ነው።

ቤታችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነው። መኪና ከመንገዱ ታጥፎ ገና በሩን ሳያልፍ ሽቅብ መውጣት ይጀምራል። በሩን ወደ ውጭ እንዳናስከፍት መንገዱ ጠባብ ነው፤ ተማሪዎችም ሆኑ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች አጥራችንን ታክከው ነው የሚያልፉት። ተንሸራታች እንዳናደርገው ደግሞ በግራም በቀኝም መዝጊያው የሚገባበት በቂ የአጥር ርዝመት የለንም። ስለዚህ ያለን አማራጭ ወደ ውስጥ፣ ማለትም ወደ ዳገቱ፣ የሚከፈት በር ብቻ ነበር።

ቀደም ሲል ያሠራነው በር መሬቱን እየፋቀ ከግማሽ በላይ አልከፈት አለ። የሠራው ሰው ተጠርቶ መጥቶ ከሥሩ 20 ሴንቲ ሜትር ቆረጠለት። በሩ መከፈቱን ተከፈተ፤ ሲዘጋ ግን ውሻ የሚያሾልክ ክፍተት ከሥሩ ቀረ። ጅብ በሚጮህበት ሰፈር እናቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ጣውላ እየደገፈች ስትደፍነው ኖራለች።

አሁን የማመሰግነው ባለሙያ በጎረቤት ጥቆማ ሲመጣ የመጀመሪያውን ቀን ብረት አልነካም። ውሃ በሁለቱም ጫፍ እኩል ከፍታ ስለሚይዝ፣ ውሃ የሞላበት ውስጡ የሚታይ ቱቦ አውጥቶ አንዱን ጫፍ በበሩ ደፍ ላይ ለረዳቱ አስያዘ፣ ሌላውን ይዞ የመዝጊያው ጫፍ ሲከፈት የሚደርስበት ቦታ፣ ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ውሃው መንቀጥቀጡን እስኪያቆም ጠብቆ በእርሳስ ምልክት አደረገ። በግራ በኩል መሬቱ በ20 ሴንቲ ሜትር፣ በቀኝ በኩል በ16 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ግቢው ወደ ጎንም እንደሚያዘነብል በዚህ ቤት ስንኖር ማናችንም ልብ ብለነው አናውቅም ነበር።

መፍትሔው መዝጊያውን መቁረጥ ሳይሆን ማጠፊያውን ማዛወር ሆነ። ሁለቱ ማጠፊያዎች በአንድ ቱንቢ፣ ማለትም በአንድ ቀጥ ያለ የቁም መስመር ላይ ከዋሉ መዝጊያው ሲዞር ከፍታው አይለወጥም፤ የታችኛው ከላይኛው ይልቅ ወደ ግቢው ከገባ ግን የመዞሪያው መስመር አናቱ ወደ መንገድ ያዘነብልና የመዝጊያው ጫፍ ሲከፈት ከዳገቱ ጋር አብሮ ሽቅብ ይነሳል። በማጠፊያዎቹ መካከል ያለው ርቀት 1.5 ሜትር ስለሆነ መሬቱ በሁለት ሜትር 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ለሚልበት ለግራው በኩል የታችኛውን ማጠፊያ 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ግቢው ማስገባት ይበቃ ነበር፤ እርሱ ድንጋዩ ወጣ ገባ መሆኑን አይቶ 17 አደረገው፣ ሁለቱ መዝጊያዎች አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ እንዲኖራቸውም ቀኙን በዚያው ልክ ሠራው። ሲዘጋ በሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከሥሩም የቀረው የሦስት ጣት ክፍተት ብቻ ነው።

እንዲህ ያለ በር የላይኛውን ማጠፊያ ስለሚጎትት አሮጌዎቹን ቋሚዎች ነቅሎ አዲሶቹን አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ኮንክሪት ተከላቸው፣ ሰባት ቀን ሳይሞላም መዝጊያ አልሰቅልም አለ። ያን ሳምንት በቆርቆሮ ተከልለን ስናሳልፍ ቸኩዬ ነበር፤ ዛሬ ግን ቋሚው ንቅንቅ አለማለቱን ሳይ ትክክል እንደነበረ እመሰክራለሁ። ክብደቱን ለመቀነስ ክፈፉን ከቱቦላሬ፣ የታችኛውን ግማሽ ከላሜራ ሠርቶ የላይኛውን በዘንግ ብቻ ጨረሰው።

ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ግን መንጠቆው ነው። ሽቅብ የተነሳ መዝጊያ በራሱ ክብደት ወደ ቦታው መመለስ ስለሚፈልግ፣ ካልተያዘ ሕፃን ወይም መኪና ሊመታ ይችላል። በውላችን ያልነበረ ቢሆንም እያንዳንዱን መዝጊያ ሲከፈት የሚይዝ መንጠቆ በኮንክሪት ተክሎ፣ ቁመቱን እናቴ ሳትጎነበስ እንድትደርስበት እርሷን አቁሞ ለካ። ለዚህ ተጨማሪ ክፍያ አልጠየቀም። እናቴ ዛሬ በአንድ እጇ ነጠላዋን ይዛ በሌላው መንጠቆውን ታነሳለች፣ በሩም ቀስ ብሎ ይከተላታል።

ለብረት መግዣ የወሰደውን ቅድሚያ ክፍያ በደረሰኝ አወራርዶልኛል፤ የተረፈውንም ቱቦላሬ ትቶልኝ ሄዷል። ስልክ ቁጥሩን እዚህ ማውጣት ስላልፈለገ፣ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝና አቀብላችኋለሁ። ስትደውሉለት የበሩን ስፋትና መሬቱ ወደ ግቢ ሁለት ሜትር ላይ በስንት ሴንቲ ሜትር ከፍ እንደሚል ብትነግሩት ሥራው ይቀልለታል።