ለአንዲት የስትሮክ ጥናት ነርስ ምስጋና፣ ለወገኖቼም ጥቆማ

ይህን የምጽፈው በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ለምትኖሩ ወገኖቼ ነው። በተለይ ዕድሜያቸው የገፋ ወላጆች አብረዋችሁ ለሚኖሩ። አንዲት ኢትዮጵያዊት ነርስ አመስግኜ ለእናንተም ልጠቁም ብዬ ነው። የምትሠራው ስትሮክ በሚታከምበት ሆስፒታል፣ በምርምሩ ክፍል ነው። ስሟን እንዳልጽፍ ስለለመነችኝ አልጽፍም። ሥራዋን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

አባታችን ማታ ደህና አምሽተው ነው የተኙት። ጠዋት ግራ እጃቸው አልታዘዝ አላቸው። አፋቸው ወደ አንድ በኩል ተጣመመ፣ ንግግራቸውም ተያያዘ። እህቴ ወዲያው 911 ደወለች። ሆስፒታል እንደደረስን በመጀመሪያ የተጠየቅነው ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆነው የታዩት ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ ነው። በእንቅልፍ ላይ የመጣ ስትሮክ መቼ እንደጀመረ ስለማይታወቅ፣ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። የረጋ ደም የሚያሟሟው መድኃኒት በአብዛኛው የሚሰጠው በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው። የአባታችን ሰዓት አልፎ ነበር።

የተረፉት በሌላ መንገድ ነው። በብሽሽታቸው በኩል ቀጭን ቱቦ ገብቶ፣ አንጎላቸው ውስጥ አንዱን ትልቅ የደም ሥር የዘጋው የረጋ ደም ተስቦ ወጣ።

ይህ ሕክምና እንዴት እንደተገኘ የነገረችን ነርሷ ናት። በ2015 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናት ነበር። 500 ሕመምተኞች ገብተውበት፣ የረጋውን ደም በ6 ሰዓት ውስጥ ማውጣት እንደሚጠቅም አሳየ። ከ6 ሰዓት በኋላስ? በ2018 የታተመው ዳውን የተባለው ጥናት ይህንን መለሰ። የገቡት በዕጣ ለሁለት የተከፈሉ 206 ሰዎች ናቸው። ሁሉም ደህና ሆነው ከታዩ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ያለፋቸው፣ በምስል ሲታዩ ግን ገና ሊተርፍ የሚችል የአንጎል ክፍል ያላቸው ነበሩ። ከ3 ወር በኋላ የረጋው ደም ከወጣላቸው 49 በመቶው ራሳቸውን ችለው ይኖሩ ነበር። በተለመደው ሕክምና ብቻ ከቆዩት ግን 13 በመቶው ብቻ።

ይህን ስሰማ ዕንባዬ መጣ። የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው። ዕጣው የትኛው ሕክምና ላይ እንደሚጥላቸው ሳያውቁ፣ በዚያ ጭንቅ ውስጥ እነሱ ወይም ቤተሰቦቻቸው ፈርመዋል። አባቴ ዛሬ ስሜን የሚጠሩት እነዚያ ሰዎች እሺ ስላሉ ነው። ለእነሱም ምስጋናዬ ይድረሳቸው።

አባታችን መለስ ሲሉ ነርሷ ራሷ ወደ አልጋቸው መጣች። ለስትሮክ የዘረመል ጥናት ደም ይሰጡ እንደሆነ ልትጠይቅ ነው። ወረቀቱን ቀድማ አላወጣችም። "አባባ፣ እንዴት አደሩ? እንቅልፍ ወሰድዎት?" ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላም የምታወራው ከሳቸው ጋር ነው፣ ከእኛ ከልጆቹ ጋር አይደለም። ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ እንግሊዝኛ ወረቀት ሰጥተውን "እዚህ ጋ ይፈርሙ" ብለውን ያውቃሉ። ልዩነቱን ያየሁት ያኔ ነው።

የአባቴ የመጀመሪያ ጥያቄ "ልጆቼ ይወርሱታል ወይ?" የሚል ነበር። አላቻኮለችም። አብዛኛው ስትሮክ ከአንድ ጂን፣ ማለትም ከወላጅ ከሚወረስ አንድ የዘረመል ክፍል፣ አይመጣም አለች። ከሁሉም በላይ ተጠያቂው የደም ግፊት ነው። በአንድ ጂን ብቻ የሚመጡም አሉ። ካዳሲል የሚባለው ሕመም ኖች 3 በተባለ ጂን ላይ በሚደርስ ለውጥ እንደሚመጣ በ1996 ታውቋል። እንዲህ ዓይነቱ ግን ጥቂት ሰው ላይ ነው። የቀረው የብዙ ትንንሽ ለውጦች ድምር ነው። በ2022 የወጣ ትልቅ ጥናት ስትሮክ የያዛቸውን ከ110 ሺህ በላይ ሰዎች መርምሮ፣ ከስትሮክ ጋር የሚገናኙ 89 የዘረመል ቦታዎችን አግኝቷል።

"ታዲያ የኔ ደም ምን ይጠቅማችኋል?" አሏት። መልሷን አልረሳውም። ከራሳቸው መድኃኒት ጀመረች። አባታችን ሌላ ስትሮክ እንዳይመጣ ክሎፒዶግሬል ታዞላቸዋል። ይህ ክኒን ሲዋጥ ገና አይሠራም። ጉበት ውስጥ ያለ ኢንዛይም ቀይሮ ሥራ ያስጀምረዋል። የዚህ ኢንዛይም ጂን በአንዳንድ ሰው ላይ ደካማ ነው፤ ያ ሰው ክኒኑን በየቀኑ እየዋጠ የሚገባውን ጥቅም ላያገኝ ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2010 በመድኃኒቱ ላይ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አስቀምጧል። በ2021 ደግሞ ቻይና ውስጥ ይህ ደካማ ጂን ያላቸው 6,412 ሰዎች ተጠኑ። ቲካግሬሎር የተባለውን ሌላ መድኃኒት ከወሰዱት በ3 ወር ውስጥ ዳግም ስትሮክ የመታቸው 6 በመቶ ሲሆኑ፣ ክሎፒዶግሬል ከወሰዱት 7.6 በመቶ ናቸው።

ቀጥላም የእኛን ሰው አነሳች። የመድኃኒት ተመራማሪዋ ፕሮፌሰር እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቻቸው በ1996 ባሳተሙት ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው አንድን ሌላ የጉበት ኢንዛይም የሚያዝዘው ጂን ከተለመደው በላይ ቅጂ ነበራቸው። እንዲህ ያለ ሰው ኮዴይን የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ሰውነቱ ቶሎ ወደ ሞርፊን ስለሚቀይረው ሊጎዳው ይችላል። "የእኛ ሰው ሲጠና ነው ይህ የሚታወቀው፣ አባባ" አለቻቸው። በዘረመል ጥናቶች ውስጥ የአፍሪካውያን ቁጥር እስከ ዛሬ በጣም ትንሽ ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የገረመኝ ግን መጥፎውንም አለመደበቋ ነው። ከደሙ ጋር የሚሄደው ስም ሳይሆን የምስጢር ቁጥር ነው አለች። ነገር ግን ምንም ስጋት የለም አላለችም። በ2008 የወጣው የፌዴራል ሕግ የጤና ኢንሹራንስና አሠሪ በዘረመል መረጃ እንዳያገሉ ይከለክላል። የሕይወት ኢንሹራንስን ግን አይሸፍንም። ይህንን ማንም ሳይጠይቃት ራሷ ተናገረች። ሐሳባቸውን ቢቀይሩ ማቋረጥ እንደሚችሉ፣ ቀድሞ ለጥናት የዋለው ግን እንደማይመለስ አስረዳች። ባይፈርሙም ሕክምናቸው እንደማይጓደል ደጋግማ ነገረቻቸው። "ዛሬ መልስ አልፈልግም፣ ከልጆችዎ ጋር ይመካከሩ" ብላ ወጣች።

ተመካከርን። ወንድሜ አልተስማማም ነበር። የሕይወት ኢንሹራንሱ ነገር ከነከነው፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። መጨረሻ ላይ አባታችን "ሰው ለኔ ፈርሟል" ብለው በቀኝ እጃቸው ፈረሙ።

እንግዲህ ጥቆማዬ ይህ ነው። ሆስፒታል ውስጥ ለጥናት ፈርሙ ብትባሉ ደንግጣችሁ አትሽሹ፤ ሳይገባችሁም አትፈርሙ። የጥናቱን ነርስ ወይም አስተባባሪ አስጠሩ። ደሙ የት እንደሚቀመጥ፣ ውጤቱ ለእናንተ ይነገር እንደሆነ፣ ማቋረጥ ስትፈልጉ ለማን እንደምትደውሉ ጠይቁ። አማርኛ አስተርጓሚም ጠይቁ። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ልጆቻችሁን በዚያ ሰዓት አስተርጓሚ አታድርጓቸው፣ እነሱም ተጨንቀዋል። ጥናቱ በይፋ መመዝገቡን ክሊኒካልትራያልስ ዶት ገቭ በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ላይ ማየት ይቻላል።

ፊት ሲጣመም፣ እጅ ሲዝል፣ ንግግር ሲያያዝ ካያችሁ ደግሞ "ትንሽ ይረፉ" ማለት የለም። በራሳችሁ መኪናም አትሂዱ፣ 911 ደውሉ። ተኝቶ የነቃ ሰው ቢሆንም "ሰዓቱ አልፏል" ብላችሁ ተስፋ አትቁረጡ።

አባታችን አሁን ፊዚዮቴራፒ ላይ ናቸው። ግራ እጃቸው ገና ይቀረዋል፣ ንግግራቸው ግን ተመልሷል። እህቴ ሆይ፣ ይህንን እንደምታነቢው አውቃለሁ። አባቴን እንደ ትልቅ ሰው ስላከበርሽልን እግዚአብሔር ያክብርሽ። ለመላው የስትሮክ ቡድንም ምስጋናችንን አድርሽልን።

የምትሠራበትን ሆስፒታል ማወቅ የሚፈልግ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ እነግረዋለሁ።