መጠበቅ ወይስ ገንዘብ ተቀብሎ ሌላ ትኬት መግዛት?

ከፍራንክፈርት ወደ ደብረ ብርሃን ልመለስ ስል በረራዬ ተሰረዘ። ሁለት ምርጫ ቀረበልኝ፦ አየር መንገዱ በሌላ በረራ እስኪያሳፍረኝ መጠበቅ፣ ወይም ገንዘቤን ተቀብዬ በራሴ መግዛት።

ሁለተኛው ፈጣን ይመስላል። ግን ገንዘቡ ወዲያው እጅህ አይገባም። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ለአየር መንገዱ 7 ቀን ይሰጠዋል። አዲሱን ትኬት ደግሞ ዛሬውኑ ከኪስህ ትከፍላለህ፣ ያውም በመጨረሻ ሰዓት ዋጋ! ገንዘብህን ከመረጥክ በኋላ ስለ ምግብህም ሆነ ስለ አልጋህ የሚጠየቅ የለም።

መጠበቅ አሰልቺ ነው። ሆኖም ከኅብረቱ አገሮች ለሚነሳ በረራ፣ አየር መንገዱ የየትም አገር ይሁን፣ እስክትሳፈር ምግብ፣ ማደር ካለብህም ሆቴል ይችልሃል። ደረሰኝ ግን አትጣል።

እኔ ጠበቅኩ። እናቴ በስልክ «ጠላው ሊኮመጥጥ ነው» እያለች ብታስጨንቀኝም።

ምርጫ ከሰጡህ ቦሌ ጠዋት የሚያደርሰውን በረራ ያዝ። ከዚያ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀርሃል፤ በብርሃን ብትጓዝ ይሻላል። ጋቢህንም ከላይ አድርገው፤ ብርዱን ታውቀዋለህ።