ዜሮው የማይረጋ የባሩድ ሚዛን

ለኢላማ ተኩስ ውድድር ጥይቴን ራሴ ነው የምሞላው፤ ይቺን የባሩድ ሚዛን ይዤ አንድ ሙሉ የውድድር ወቅት አሳልፌያለሁ፣ ስለዚህ ካርቶን ከፍቶ «ዋው ታምራለች» የሚል ግምገማ አትጠብቁ። መዳፍ የምታክል ኤሌክትሮኒክ ሚዛን ናት። እስከ 0.1 ግሬይን አነባለሁ ትላለች። 1 ግሬይን 0.0648 ግራም ነው፤ እንግዲህ የዚያ አንድ አስረኛ ማለት ነው። የአምራቹን ስም አልጠራም፣ ምክንያቱም ጣጣው በዚህ ዓይነት ርካሽ ሚዛን ላይ የተለመደ ነው።

መጀመሪያ መልካሙን ልናገር። ፈጣን ናት። ሳህኑን ከማስቀመጤ ቁጥሩ ከች ይላል። ቀለህና አረር በክብደት ለመለየት ደግሞ እንከን አላገኘሁባትም፤ በቀለህና በቀለህ መካከል ያለው ልዩነት ብዙ ጊዜ ከግሬይን ስለሚያልፍ እሷ ትንሽ ብትዋሽም አይጎዳም።

ነገር የመጣው ባሩድ ላይ ነው። ለ600 ያርድ 20 ጥይት ሞላሁ፣ 30 ግሬይን ገደማ በሚወስድ ቀለህ። ሁሉም እኩል 30.0፣ አንድም ሳያልፍ፣ እንዲያውም አንዷ የባሩድ ፍሬ ስትተርፍ በወረንጦ እያነሳሁ። ከዚያ በሞላኋቸው ቅደም ተከተል ተኮስኳቸው። የመጀመሪያዎቹ አስር ጎን ለጎን ተደርድረው ገቡ፣ ደስ አለኝ። ቀጣዮቹ ግን ቀስ እያሉ ወደ ታች ይወርዱ ጀመር። ነፋስ ነው አልኩ። ግን ነፋስ በዋናነት ወደ ጎን ነው የሚገፋው፣ ወደ ታች ብቻ እንዲህ በሥርዓት አይጎትትም። ትከሻዬን ጠረጠርኩ፣ የአሸዋ ከረጢቱን ጠረጠርኩ። የፍጥነት መለኪያውን ክሮኖግራፍ ሳየው የጥይቱ ፍጥነትም እየወረደ ሄዷል። በዚህ መጠን ቀለህ ላይ 0.1 ግሬይን ከ5 እስከ 10 ጫማ በሰከንድ ገደማ ይለውጣል፤ እኔ ደግሞ የሦስት እጥፉን ያህል አጥቻለሁ።

ቤት ገብቼ ያንኑ ሥራ ያለ ጥይት ደገምኩት። ባዶውን ሳህን አስቀምጬ ዜሮ አደረግኩ። ሳህኑን ሳነሳው −152.4 አለች። ይህ የሳህኑ ክብደት ነው፣ ሊለወጥ አይችልም። ከአስራ አምስት ምዘና በኋላ ሳነሳው −152.1! ሳህኑ ብረት ነው፣ አልከሳም። የተንሸራተተው ዜሮው ነው። እሷ 30.0 ስትል በሳህኑ ላይ ያለው 29.7 ነበር ማለት ነው። በዚያኛው አቅጣጫ ቢንሸራተት ኖሮ ደግሞ ባሩድ እያበዛሁ ነበር፤ የባሩዱ መጠን ከሚፈቀደው ጣሪያ አጠገብ ለሆነ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም።

ምክንያቱ ከተሠራችበት መንገድ ይመጣል። ውስጧ ያለው ሎድ ሴል ክብደት ሲያርፍበት በጥቂቱ የሚጎብጥ ብረት ነው፤ የምታነበው ያንን መጉበጥ ነው። ብረቱም ኤሌክትሮኒክሱም ሲሞቅ ንባቡ ይዋልላል። ስለዚህ ከመጀመሬ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ማብራት ጀመርኩ። ቬንትሌተሩን አጠፋሁ፣ ስልኬን ከጠረጴዛው አራቅኩ። ተሻላት። አልዳነችም ግን።

ሌላ የሚያናድድ ጠባይ አላት። ባሩዱን ፍሬ በፍሬ ሳንጠባጥብባት አንዳንዴ ዝም ትላለች። ሦስት ፍሬ፣ አራት ፍሬ፣ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ዜሮዋን ራሷ እንድትጠብቅ ስለተደረገች ቀስ ብሎ የሚመጣን ትንሽ ለውጥ እንደ መዋለል ቆጥራ ትውጠዋለች። መላው ሳህኑን አንስቶ መልሶ ማስቀመጥ ነው፤ ያኔ እውነቱን ትናገራለች፣ ብዙ ጊዜ ከፈለግኩት አልፎ።

የግድ እሷን የምትጠቀሙ ከሆነ ከባሩዱ መጠን ጋር የሚቀራረብ የመፈተሻ ክብደት ያዙ፣ በየአምስት ጥይቱም ጫኑባት። ከሳጥኑ የሚወጣው ትልቁ ማስተካከያ ክብደት ብቻውን አይበቃም፣ እሱ ላይ ልክ ሆና 30 ግሬይን ላይ ልትስት ትችላለች። ሳህኑን ባነሳችሁ ቁጥር የሚመጣውን ኔጌቲቭ ቁጥር ማየትም በነፃ የሚገኝ ፍተሻ ነው።

እኔ ለባሩድ ወደ አሮጌው ባለ ዘንግ ሚዛን ተመለስኩ። ቀርፋፋ ነው፣ ዘንጉ እስኪረጋ ትጠብቃለህ፣ ዓይንህን ከምልክቱ ትይዩ ማድረግ አለብህ። ግን የሚሠራው በስበት ስለሆነ የሚሞቅ ኤሌክትሮኒክስ የለውም። አቅም ያለው ደግሞ በማግኔት ኃይል የሚመዝነውን ይግዛ፣ እስከ 0.02 ግሬይን ያነባል፣ ይህም የአንድ ፍሬ ባሩድ ያህል ነው።

ይሄ ሁሉ ጭንቀት ግን ለሩቅ ርቀት ነው። በ100 ያርድ የሚወዳደሩ ብዙዎች ባሩድ ጭራሽ አይመዝኑም፣ በመስፈሪያ ሰፍረው ይሞላሉ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው 6ፒፒሲ የተባለው የጥይት ዓይነት የታወቀውም በእንዲህ ዓይነት ሰዎች እጅ ነው። ጥይቱ 100 ያርድ ላይ ለመድረስ የሚወስድበት አንድ አስረኛ ሰከንድ ገደማ ስለሆነ ትንሽ የፍጥነት ልዩነት ወረቀቱ ላይ አይታይም። ከ600 ያርድ ወዲያ ግን ኢላማው ሁሉንም ያሳብቃል።

ሚዛኗን አልጣልኳትም። አሁን ከቀለህ ማጠቢያው ጎን ተቀምጣ ቀለህ ትለያለች፣ ባሩድ ወዳለበት ጠረጴዛ ግን አላስጠጋትም።