ዩቲዩብ ለተማሪ አስፈሪ ፊልም፦ ተመልካች ያመጣል፣ ጨለማውን ግን ይበላል

የተማሪ አስፈሪ ፊልም አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፤ በጀት የለውም፣ ስሙ ብቻ ሰው የሚጠራ ተዋናይም የለውም። ሲኒማ ቤት ስለማይገባ ከፌስቲቫል ቀጥሎ ያለው ዋና መድረክ ዩቲዩብ ነው። መጫኑ ነፃ ነው፣ አስፈሪ ነገር ፈልጎ የሚመጣው ሰውም እዚያው አለ። እዚህ የምንገመግመው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ፊልሙ የተሠራለትን ተመልካች፣ ማለትም ማታ መብራት አጥፍቶ ኢርፎን ሰክቶ ለመደንገጥ የተቀመጠውን ወጣት፣ ያገኘዋል ወይ? ያገኘዋል። ሆኖም ለአስፈሪ ፊልም የማይመቹ ጠባዮች አሉት፤ እነሱን ሳያውቅ የጫነ ቡድን የወራት ሥራውን በመጀመሪያው ቀን ያበላሻል።

ትልቁ ችግር ምስሉ ላይ ነው። ዩቲዩብ የተጫነለትን ፋይል እንደገና ይጨምቀዋል፤ ሲጨምቅ ደግሞ ቀድሞ የሚሠዋው የጨለማውን ክፍል ዝርዝር ነው። ኮሪደሩ ጫፍ ላይ የቆመው ጥላ ኤዲት ሲደረግ ቀስ ብሎ ወደ ጥቁር የሚገባ ነበር፤ ስልክ ላይ ሲታይ ግን እርስ በርስ የሚገፋፉ ግራጫ አራት ማዕዘኖች ይሆናል። ዩቲዩብ ለ1080ፒ ቪዲዮ፣ በሰከንድ ከ24 እስከ 30 ፍሬም ላለው፣ የሚመክረው ቢትሬት፣ ማለትም በየሰከንዱ የሚመደበው የመረጃ መጠን፣ 8 ሜጋቢት ነው፤ ለ4ኬ ደግሞ ከ35 እስከ 45። ፊልሙ በ1080ፒ የተቀረጸ ቢሆንም ኤክስፖርት ሲደረግ ወደ 4ኬ ከፍ አድርጎ መጫን ያዋጣል፤ ለትልቁ ፋይል የሚመደበው ቢትሬት ስለሚበልጥ ጥላው ብዙም አይቆራረጥም። ቀለም ሲስተካከል ፍጹም ጥቁርን ለጥቂት ቦታ ብቻ መተው፣ ጥላው ላይም ስስ ግሬይን፣ ማለትም እንደ አሸዋ የደቀቀ ነጠብጣብ፣ መጨመር ይረዳል። ግሬይኑ ሲበዛ ግን ራሱ ቢትሬቱን ይጨርሰዋል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። አዲስ ቪዲዮ ሲጫን ቀድሞ የሚደርሰው ዝቅተኛው ጥራት ነው፤ ኤችዲውና 4ኬው ቆይተው ይመጣሉ። ጭኖ ወዲያው ሊንኩን የበተነ ቡድን የመጀመሪያ ተመልካቾቹን በ360ፒ ጨለማ ይቀበላቸዋል። ፊልሙን ከአንድ ቀን በፊት «ፕራይቬት» አድርጎ መጫን፣ ከፍተኛው ጥራት መድረሱን በስልክ አይቶ ማረጋገጥ፣ ከዚያ ሰዓት መቁረጥ ይሻላል።

ድምፁም የራሱ ጣጣ አለው። ዩቲዩብ ድምፁ ከማይነስ 14 ሉፍስ (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ገደማ በላይ የሆነን ቪዲዮ ዝቅ ያደርጋል፤ ዝቅ ያለውን ግን ከፍ አያደርግም። መላው ፊልም በሹክሹክታ ተሠርቶ ሁለት ቦታ ብቻ የሚጮህ ከሆነ ሹክሹክታው እንደ ደከመ ይቀራል፤ ተመልካቹም ድምፅ ጨምሮ ሲያዳምጥ ጩኸቱ ጆሮውን ይመታዋል። አስፈሪ ፊልም ነውና መምታቱ ባልከፋ፣ ግን ብዙ ሰው በዚያ ቅጽበት የሚያደርገው መዝጋት ነው። ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ጉርምርምታ ደግሞ የስልክ ስፒከር አያሰማም ማለት ይቻላል። ፍርሃቱ ሁሉ በወፍራም ድምፅ ላይ ከተንጠለጠለ ያለ ኢርፎን የሚያይ ሰው ዝምታ ብቻ ይሰማል። መፍትሔው ያንኑ ድምፅ ትንሽ በማሻከር፣ ወይም የበር ሲጥሲጥታና የትንፋሽ ድምፅ በላዩ በመደረብ፣ ከፍ ባለው ድግግሞሽ ላይም እንዲሰማ ማድረግ ነው።

ዩቲዩብ የሚመሰገንበት ክፍል የመረጃ ሰሌዳው ነው። ዩቲዩብ ስቱዲዮ ውስጥ ተመልካች እያንዳንዱ ሰከንድ ላይ ስንት በመቶ እንደቀረ የሚያሳይ ግራፍ አለ፤ ለአስፈሪ ፊልም ከዚህ የተሻለ መምህር የለም። ማስደንገጫው ከሠራ ሰዎች ወደ ኋላ መልሰው ስለሚያዩት መስመሩ እዚያ ቦታ ላይ ጉብ ይላል። ካልሠራ ግራፉ ዝም ብሎ ይወርዳል። የተማሪ ፊልም ግን አብዛኛውን ጊዜ ማስደንገጫው ጋ ሳይደርስ ተመልካቹን የሚያጣው መጀመሪያው ላይ ነው፦ የትምህርት ቤቱ ሎጎ፣ የቡድኑ ሎጎ፣ የአዘጋጁ ስም፣ ከዚያ ሰማይ ላይ የሚሄድ ደመና። ስም ዝርዝሩ ሁሉ ወደ መጨረሻ ይሂድ። በመጀመሪያዎቹ አሥር ሰከንዶች ውስጥ አንድ ያልተለመደ ነገር ይታይ፤ መብራት ሳይነካ ቢጠፋ ወይም የተዘጋ በር ገርበብ ብሎ ቢገኝ ይበቃል።

የሽፋን ምስሉን፣ ታምኔሉን፣ ከፊልሙ ላይ የተቆረጠ ፍሬም ማድረግ አይመከርም፤ ጨለማ ፍሬም በስልክ ላይ ጥቁር ሳጥን ነው። ዕቃው ሳይሰበሰብ እዚያው ቀረጻው ቦታ ላይ ለብቻው ፎቶ ይነሣ፦ አንድ ፊት፣ ከአንድ ጎን ብቻ የሚመጣ መብራት፣ ከበስተኋላ በጨረፍታ የሚታይ ነገር። መጠኑ 1280 በ720 ፒክስል ነው፤ የራስን ታምኔል ለመጫን አካውንቱ በስልክ ቁጥር መረጋገጥ አለበት። ታችኛው የቀኝ ጥግ ላይ የቪዲዮው ርዝመት ስለሚጻፍ መናፍስቱን እዚያ አታስቀምጧቸው። ዩቲዩብ እንደሚለው ከቻናሎችና ከቪዲዮዎች ግማሾቹ ታምኔላቸውን ካየው ሰው ነክቶ የሚከፍተው ከ2 እስከ 10 በመቶ ነው። ጓደኛና ዘመድ ብቻ በሚያይበት የመጀመሪያ ሳምንት ይህ ቁጥር ከፍ ቢል አያታልላችሁ።

ስለ ጓደኛ ከተነሣ፣ ሊንኩን ለክፍሉ ሁሉ መበተን የሚመስለውን ያህል አይጠቅምም። አስፈሪ ፊልም የማይወድ ዘመድ ለይሉኝታ ከፍቶ በሠላሳኛው ሰከንድ ይወጣል፤ ግራፉም ስለ ፊልሙ ሳይሆን ስለ ይሉኝታ ይናገራል። ርዕሱ ላይ ዘውጉን በግልጽ መጻፍ ይበልጣል፤ «አጭር አስፈሪ ፊልም» የሚለው ሐረግ ከቅኔያዊ ርዕስ አጠገብ ካልቆመ ፈላጊው በምን ያገኘዋል? ታግ ላይ ጊዜ ማጥፋት አያስፈልግም፣ ዩቲዩብ ራሱ ሚናው ትንሽ እንደሆነ ይናገራል።

የዕድሜ ገደቡ ሌላው ወጥመድ ነው። ደምና ቁስል ጎልቶ የሚታይበት ቪዲዮ ለ18 ዓመትና ከዚያ በላይ ብቻ ተብሎ ሊከለል ይችላል። ያን ጊዜ አካውንቱ ውስጥ ያልገባ ሰው አያየውም፣ ሌላ ድረ ገጽ ላይ ሲለጠፍም አብዛኛውን ጊዜ አይከፈትም። የ16 ዓመት ልጆችን አስቦ የተሠራ ፊልም ተመልካቹን በአንድ ምሽት ያጣል። ቁስሉን ከማሳየት ድምፁን ማሰማት ርካሽ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜም የበለጠ ያስፈራል። «የተገኘ ቪዲዮ» እያሉ እውነተኛ የሚያስመስሉ ቡድኖች ደግሞ ልብ ይበሉ፦ የዓመፅ ትዕይንት ልቦለድ መሆኑ ለተመልካች ግልጽ ካልሆነ የዩቲዩብ ደንብ ቪዲዮውን ያስወግደዋል። መግለጫው ላይም መጨረሻው ላይም ልቦለድ ነው ብሎ መጻፍ ምስጢሩን አያጠፋውም። ሲጫን የሚመጣውን «ለሕፃናት የተሠራ ነው?» የሚል ጥያቄም በችኮላ አትለፉት፤ በስሕተት አዎ ከተባለ አስተያየት መስጫው ይዘጋል።

ሾርትስን፣ ማለትም የዩቲዩብን አጫጭር የቁመት ቪዲዮዎች፣ ከሁሉም በላይ እንመክራለን። ከጥቅምት 2024 (በአውሮፓውያኑ) ጀምሮ እስከ ሦስት ደቂቃ ይሄዳል። ከፊልሙ ውስጥ ከማስደንገጫው በፊት ያለው ውጥረት ብቻ፣ በቁመት ተቆርጦ፣ ሊፈነዳ ሲል ይቋረጥ። የሾርቱ መግለጫ ላይ የሚጻፍ ሊንክ ቢነካም ስለማይከፈት ዋናውን ፊልም «ተዛማጅ ቪዲዮ» በሚለው ቦታ ማያያዝ ግድ ነው፤ ይህን የሚረሳ ብዙ ነው። ከአንድ ደቂቃ የሚበልጥ ሾርት ላይ የሙዚቃ መብት ጥያቄ ከተነሣ ቪዲዮው በመላው ዓለም ይታገዳል፤ ስለዚህ ሙዚቃው የራሳችሁ ወይም ከዩቲዩብ የድምፅ ቤተ መጻሕፍት ይሁን። ፕሪሚየር የሚባለው፣ ሁሉም ተመልካች በአንድ ሰዓት እያየ የሚጻጻፍበት አገልግሎት፣ ለዚህ ዘውግ ብዙም አይሆንም፤ ፍርሃቱ ሊያዝ ሲል አንዱ በቻት ይቀልዳል።

ፊልሙ አንዴ ከወጣ በኋላ ፋይሉን በዚያው ሊንክ መለወጥ አይቻልም፤ የሚፈቀደው እንደ መቁረጥና ማደብዘዝ ያለ ትንሽ ማስተካከያ ነው። ከአሥር ደቂቃ ለማይበልጥ ፊልም ዩቲዩብ ጥሩ ምርጫ ነው። ቀስ ብሎ ለሚገነባ ሃያ አምስት ደቂቃ ግን ፌስቲቫል ይቅደም፤ አንዳንድ ፌስቲቫሎች በይፋ የተለቀቀ ፊልም ስለማይቀበሉ፣ ደንባቸው ላይ የመጀመሪያ ዕይታን የሚመለከተውን አንቀጽ እስክታነቡ ድረስ ፊልሙ ፕራይቬት ሆኖ ይቆይ።