ሁለቱ ዮሴፎች፦ «በእኔ አይደለም» ወይስ «እኔ አለሁ»?

የአይሁድ መጻሕፍት ስለ ትሕትና ሲያወሩ ሁለት ዮሴፎች ዓይኔ ውስጥ ይገባሉ።

የመጀመሪያውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ከእስር ቤት በጥድፊያ አወጡት። ተላጨ፣ ልብሱን ቀየረ፣ ፈርዖን ፊት ቆመ። «ሕልም ትፈታለህ ሲሉ ሰማሁ» ሲባል፣ በእኔ አይደለም፣ መልሱ የእግዚአብሔር ነው አለ። ሥራ ፈላጊ ቃለ መጠይቅ ላይ ሲቪውን እንደመቅደድ ነው! ግን ሕልሙን እንደፈታ፣ ብልህ ሰው ሹም፣ ከእህሉ አምስተኛውን ሰብስብ ብሎ ምክር ጨመረ። ችሎታውን አልደበቀም።

ሁለተኛው የባቢሎኑ ራቭ ዮሴፍ ነው፤ በባቢሎን የነበረው የፑምበዲታ ትምህርት ቤት ሊቅ፣ ዓይነ ስውር። ታልሙድ (የጥንት የአይሁድ ሊቃውንት ትምህርትና ክርክር የተሰበሰበበት መጽሐፍ) እንደሚለው፣ አንድ ሰው በፊቱ «ታላቁ መምህር ረቢ ይሁዳ ሲሞት ትሕትና ቀረች» ብሎ ሲያነበንብ፣ «ትሕትና የሚለውን ተወው፣ እኔ አለሁ» አለው። ጉድ እኮ ነው! ሆኖም ይኸው ሰው የመሪነቱን ወንበር ለባልንጀራው ለራባ ትቶ 22 ዓመት ኖሯል። በዚያ ሁሉ ዘመን እንደ ሹም ላለመታየት፣ ለሕክምና ደም የሚያወጣ ባለሙያ እንኳ ቤቱ አላስጠራም ይባላል። (ኮከብ ቆጣሪዎች ሥልጣንህ አጭር ነው ብለውት ነበር፤ ይህንንም አልደብቅም።)

ኦሪት ዘዳግም 8 «የእጄ ብርታት ይህን ሀብት አመጣልኝ» እንዳትል ይላል። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የጄሮናው ረቢ ኒሲም አንድ ነገር አስተዋለ፦ ጥቅሱ እግዚአብሔር ሀብት ሰጠህ አይልም፣ ሀብት የምታፈራበትን ጉልበት ሰጠህ ነው የሚለው። ስለዚህ ጉልበቱ አለህ፤ ከማን እንደመጣ ብቻ አትርሳ። ይህ ለመጀመሪያው ዮሴፍ ልክክ ይላል።

እኔም እሱን እመርጣለሁ። የሁለተኛውን አፍ አልደፍርም፤ 22 ዓመት ቀርቶ ለሁለት ሳምንትም ወንበር አልለቅማ።