ባህር ዳር ቤት ልትገዙ ያሰባችሁ፣ የግብር ደረሰኝ አይታችሁ ብር እንዳትቆጥሩ

ወገን ይሄን የምጽፈው ሶስት ወር ሙሉ ስበሳጭ ከርሜ ነው፣ መጀመሪያ ላይ አፍሬ ለሚስቴም ሙሉውን አልነገርኳትም ነበር፣ አሁን ግን ሁለት ሰው በዛው ደላላ እንደተበላ ስሰማ ዝም ማለቱ ከበደኝ። ስም አልጠራም፣ ጉዳዩ ፖሊስ ጋ ነው። አካሄዱን ግን አንድ በአንድ እነግራችኋለሁ።

ቀበሌ 14 አካባቢ አንድ ቤት አየን። ዋናው ቤት ደህና ነው፣ ጓሮው ላይ ሶስት ክፍል የጭቃ ሰርቪስ አለ፣ በር ላይ ማንጎ አለች፣ ሚስቴ በማንጎዋ ነው የወደደችው (እስካሁን አንድ ፍሬ አልሰጠችንም እሱን ተዉት)። ደላላው ከሻጩ ጋር አንድ ቀይ ክላሰር ይዞ መጣ። ካርታ፣ የሊዝ ውል፣ አራት የግብር ደረሰኝ በፕላስቲክ በፕላስቲክ ተደርድሮ። "የኔ ወንድም ይሄ ቤት እንደ ወተት የነጣ ነው፣ ከ2014 እስከ 2017 አንድ ሳንቲም ውዝፍ የለበትም፣ ሊዙም ተከፍሎ አልቋል" አለኝ። እኔም ማህተም ሳይ ልቤ አረፈ። ማህተም ሲያይ ልቡ የማያርፍ ማን አለ?

በመንደር ውል 400 ሺህ ብር ቀብድ ሰጠሁ። ውሉ ላይ ደሞ ከታች "ገዢ የግብር ሁኔታውን አይቶ ወዶ ተቀብሏል" የምትል አንድ መስመር አለች፣ ሶስት ምስክር ፊት ቡና እየጠጣን ሲነበብ ሰማኋት፣ ምንም አልመሰለችኝም። በኋላ ያቺ መስመር ናት ጉድ የሰራችኝ።

ስም ዝውውር ልንጀምር ስንሄድ ክሊራንስ (ውዝፍ የለበትም የሚል ማረጋገጫ) ተባለ። ሰነድ ክፍል ያለችው ልጅ ማህደሩን አውጥታ አቧራውን እፍ አለችና ክላሰሬን ከጎኑ ዘርግታ አንድ በአንድ ማየት ጀመረች። የ2014ቱ እውነተኛ ነው። የ2015ቱ ደረሰኝ እውነተኛ ነው ግን የቤት ግብር አይደለም፣ ሻጩ ሰርቪሱን አከራይቶ የከፈለው የኪራይ ገቢ ግብር ነው! የ2016 እና የ2017ቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ ጣቷን ከላይ በቀኝ በኩል ያለው ተራ ቁጥር ላይ አደረገች፣ አንዱንም ሌላውንም አየሁ፣ አንድ አይነት ቁጥር ነው። አመተ ምህረቱ ላይ ብቻ 6ቷን ወደ 7 ለውጠዋታል፣ ቀረብ ብላችሁ ስታዩት የ6ቷ ሆድ የተፋቀበት ቦታ ወረቀቱ ሳስቷል። "ወንድም ይሄ እኛ ጋ የለም" አለችኝ ቀስ ብላ፣ ሰው እንዳይሰማ አዝናልኝ። ሊዙም አላለቀም፣ የሶስት አመት ክፍያ ከነወለዱ ከነቅጣቱ ቁጭ ብሏል። ከቤት ግብሩ ጋር 61 ሺህ 400 ብር።

እዚጋ ብዙ ሰው የሚምታታበትን ልበል፣ እኔም ተምታቶብኝ ነው የተበላሁት። ነባር ይዞታ (ድሮ ያለ ሊዝ የተያዘ ቦታ) ከሆነ የቦታ ኪራይና የቤት ግብር ነው፣ ይሄ ከ1968ቱ አዋጅ ቁጥር 80 ጀምሮ የመጣ ነው። ሊዝ ከሆነ ደሞ የሊዝ ክፍያ ራሱን የቻለ እዳ ነው፣ በአዋጅ 721/2004 ለመኖሪያ 99 አመት ነው፣ ሲጀመር ቢያንስ 10 በመቶ ይከፈላል ቀሪው በየአመቱ እየተከፋፈለ ከነወለዱ ይሄዳል፣ ስለዚ "ሊዙ አልቋል" የሚላችሁ ሰው ሁሉንም አንድ ላይ ከፍሎ የጨረሰበትን ማስረጃ ካላሳያችሁ አትመኑት። ሰርቪስ አከራይታችሁ የምትከፍሉት ደሞ የገቢ ግብር ነው፣ እሱን መክፈል የቤቱን አይዘጋም። ሶስቱም "ግብር" ይባላሉ፣ ሶስቱም ማህተም አላቸው፣ ክላሰር ውስጥ ሲገቡ አንድ ይመስላሉ።

ሻጩን ደወልኩለት። "አይተህ ወደህ ተቀበልክ እኮ" አለኝ። ቀብዱን መልስ ስለው ጊዜ ስጠኝ ይላል፣ ጠበቃ ሳማክር ደሞ የቤት ሽያጭ ውል በ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ህግ በጽሁፍ ሆኖ ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት ካልተመዘገበ መንደር ላይ የተፈራረማችሁት አስተማማኝ አይደለም አለኝ። ማለት ቀብዴን ለማስመለስም ክርክር ቤቱን ለመያዝም ክርክር። ሚስቴ ማንጎዋን አስባ ይሁን እኔን አዝና አላውቅም "እንክፈለውና ይለቅ" አለች። ከሻጩ ጋር ተጨቃጭቀን ግማሹን ከቀሪው ሂሳብ ላይ እንዲቀነስ አስማማነው፣ ግማሹ ከኔ ኪስ።

ጉዱ እዚ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ያው ደላላ ማታ ደወለና "ጋሼ አትክፈል፣ እኔ ሰው አለኝ፣ 18 ሺህ ስጠኝ ቅጣቱን አስነስቼ ለወደፊቱም ከግብር ነጻ የሚያደርግ ደብዳቤ አወጣልሃለሁ፣ አዲሱ የንብረት ታክስ ሳይጀምር ካልቀደምክ በእጥፍ ነው የሚመጣብህ" አለኝ። አንዴ የበላኝ ሰው እንደገና እንዴት በላህ ብትሉኝ መልስ የለኝም፣ ድካም ነው፣ 61 ሺህ ስታይ 18 ሺህ ርካሽ ይመስልሃል። ሰጠሁት። ደብዳቤ መጣ፣ ሰማያዊ ማህተም ያለው፣ "በአቅም ማነስ ነጻ ተደርጓል" የሚል። እኔ ደሞዝተኛ ነኝ እኮ! ሰነድ ክፍል ያለችው ልጅ ጋ ይዤው ስሄድ አይታ ሳቀች ከዛ መሳቋን ትታ ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀመጠችው።

ነጻ የሚባለውን ጠይቄ ያወቅኩትን ልንገራችሁ። በዛው በ1968ቱ አዋጅ ነጻ የሚሆነው እንደ አምልኮ ቦታ፣ እንደ መቃብር ቦታ፣ አመታዊ የኪራይ ግምቱ ከ300 ብር የማይበልጥ ቤት አይነት ነገር ነው። 300 ብር! ዛሬ ጣና ዳር የዓሣ ጥብስ ለሁለት ሰው አይበቃም። አዲሱ የንብረት ታክስ አዋጅ ቁጥር 1365 በጥር 2017 በተወካዮች ምክር ቤት ጸድቋል፣ ግን እሱ ማዕቀፍ ነው፣ እናንተ ጋ የሚመጣው ክልሉ በራሱ ህግ ሲያወጣው ነው፣ ስለዚ "ነገ ይጀምራል ዛሬ ስጠኝ" የሚላችሁ ሰው ዜናውን ነው የሚሸጥላችሁ። ነጻ የሚያደርግ ነገር ካለ ማህደራችሁ ውስጥ ነው የሚገባው፣ በቴሌግራም ፎቶ ተነስቶ አይመጣም።

አንድ የቀናኝ ነገር አለ እሱን ልጨምር። ማህደሩ ተከፍቶ ሳለ የቤቱን ግምት ቅጽ አሳዩኝ ብዬ ለመንኩ። ሰርቪሱ "ብሎኬት፣ 6 ክፍል" ይላል። እኔ ጋ ያለው ጭቃ፣ 3 ክፍል! ማን ሞላው መቼ ሞላው አይታወቅም፣ በዛ ሂሳብ ነው ለአመታት ግብሩ ሲሰላ የኖረው። ቅሬታ በጽሁፍ አስገባሁ፣ ሁለት ኮፒ፣ አንዱ ላይ "ገቢ ሆኗል" አስብዬ ቀንና ቁጥር አስመትቼ ያዝኩ (ይሄን ካላደረጋችሁ ወረቀታችሁ የት እንደገባ እግዜር ነው የሚያውቀው)። ባለሙያ መጣ፣ ሜትር ዘረጋ፣ ግድግዳውን በጣቱ ፋቅ ፋቅ ሲያደርገው ጭድ ወጣ፣ ፎቶ አነሳ። በአምስተኛው ሳምንት ተስተካከለ፣ የቤት ግብሩ ክፍል ቀነሰ። የሊዙና የቅጣቱ ግን አልተነካም፣ እሱ ላይ ያቀረብኩት ውድቅ ሆነ፣ ምክንያቱም እዳው እውነተኛ ነው።

ቅሬታ የምታስገቡ ሰዎች ቀን አታስበሉ። በፌደራሉ የታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 ውሳኔው በደረሰህ በ21 ቀን ውስጥ ነው ቅሬታ፣ እዛ ካልተስማማህ ይግባኝ ሰሚው ጋ በ30 ቀን። የቤት ግብር የከተማ ስለሆነ የናንተን የጊዜ ገደብ ከተሰጣችሁ ማስታወቂያ ላይ አንብቡ፣ ካልተጻፈ እዛው መስኮቱ ላይ ጠይቁና ማስታወቂያው የደረሳችሁን ቀን በእስክሪብቶ ጻፉበት። አንዲት ጎረቤታችን እማማ ማስታወቂያውን የጸሎት መጽሐፋቸው ውስጥ ሸጉጠውት ጾሙ ሲፈታ ነው ያስታወሱት፣ አለፈባቸው።

ቤት ልትገዙ ስትሉ በቃ ሻጩን ራሱን ይዛችሁ ማህደሩ ያለበት ሂዱ፣ ቀብድ ሳትሰጡ፣ ባለቤቱ ከሌለ አያሳዩዋችሁም። "ስራ ላይ ነኝ ደላላው ይሂድ" ካለ ውጡ ከዛ ነገር። ክሊራንስ እስኪወጣ ገንዘቡ እናንተ ጋ ይቆይ፣ ውሉ ላይ ደሞ "እስከ ርክክብ ቀን ያለ ማንኛውም ግብር፣ ሊዝና ቅጣት በሻጭ ነው" አስጽፉ፣ "አይቶ ወዶ" የምትለዋን አስወጡ። ውዝፍ ካለም በራሳችሁ እጅ መስኮቱ ላይ ወይ ባንክ ገቢ አድርጉ፣ ለማንም "ክፈልልኝ" ብላችሁ ካሽ አትስጡ።

18 ሺዋ አልተመለሰችም። ደላላው ስልኩን ቀይሯል፣ ሰሞኑን ግን አባይ ማዶ ቤት እያሳየ ነው ብሎ አንድ የባጃጅ ልጅ ነገረኝ። ክላሰሩ አሁን አረንጓዴ ነው።