ለቀስተኞቹን ውቅያኖስ ያሻገረው ገንዘብ፦ የፍሬም የውሰት ሥርዓት ሲገመገም

እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2012 በሰባት የአሜሪካ ከተሞች የተዘዋወረውን የለቀስተኞች (በፈረንሳይዋ ዲዦን ከተማ ያሉ፣ መቃብር የሚያጅቡ ትንንሽ የአልቃሾች ቅርጾች) ዐውደ ርእይ ያየሁት ዳላስ ላይ ነበር። ስለ ቅርጻ ቅርጾቹ ውበት ብዙ ስለተጻፈ፣ እዚህ የምገመግመው እዚያ ያደረሳቸውን አገልግሎት ነው፤ ይኸውም በአጭር ስሙ ፍሬም የሚባለውን የፈረንሳይና የአሜሪካ ሙዚየሞች የልውውጥ ትስስር እና የውሰቱን ወጪ የሚሸፍንበትን መንገድ።

ፍሬም የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ ያቋቋሙትም በጊዜው በፓሪስ የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩት የፊሊክስ ሮሃቲን ባለቤት ኤልሳቤጥ ሮሃቲን እና የፈረንሳይ ሙዚየሞች ዳይሬክተር የነበሩት ፍራንስዋዝ ካሻን ናቸው። ትኩረታቸው ከፓሪስና ከኒው ዮርክ ውጭ ባሉ ከተሞች ላይ ነበር፤ በአንድ ወገን ሊዮን፣ ሞንፔሊዬ፣ ሩዋን፣ በሌላው ወገን ዳላስ፣ ክሊቭላንድ፣ ሚኒያፖሊስ። እነዚህ ሙዚየሞች የከበረ ስብስብ እያላቸው ውቅያኖስ የሚያሻግር ዐውደ ርእይ ለብቻቸው ማዘጋጀት ይከብዳቸዋል። ትስስሩ ከአባላት መዋጮና ከግል ለጋሾች በሚያገኘው ገንዘብ የጋራ ሥራዎችን ይደግፋል፤ ከገንዘቡ ባልተናነሰም የሁለቱን አገር ባለሙያዎች አስቀድሞ ያስተዋውቃል።

የውሰት ወጪ የት እንደሚገባ ያልተረዳ ሰው ክፍያው የተጋነነ ሊመስለው ይችላል። እያንዳንዱ ቅርጽ በራሱ ልክ የተሠራ ሳጥን ያስፈልገዋል፤ ከሳጥኑ ጋር የሚጓዝ አጃቢ ባለሙያ አለ፤ ሲነሣም ሲደርስም ስንጥቁና ጭረቱ አንድ በአንድ ይመዘገባል፤ ሳጥኑም የአዲሱን ክፍል አየር እስኪላመድ ድረስ ሳይከፈት ይቆያል። ከሁሉም በላይ ደግሞ መድን አለ። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1975 ባወጣው ሕግ ለተፈቀደላቸው ዐውደ ርእዮች ጉዳት ቢደርስ ራሱ ዋስ ስለሚሆን፣ ሙዚየሙ ለንግድ መድን ድርጅት ይከፍል የነበረው ከባድ አረቦን ይቀርለታል። እንደ እኔ እምነት ለውሰት ከተደረጉ ድጋፎች ሁሉ ይህን የሚያህል የለም፤ መንግሥት በየጊዜው ገንዘብ ሳያወጣ፣ ቃሉን ብቻ በመስጠት ብዙ በር ይከፍታልና። ከዚያ ቀደም በ1965 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ፣ አስቀድሞ ፈቃድ እስከተጠየቀ ድረስ፣ ከውጭ የተዋሰ ሥራ በፍርድ ቤት ትእዛዝ እንዳይያዝ ይከላከላል፤ ፈረንሳይም በ1994 ተመሳሳይ ከለላ ደንግጋለች።

ይህ ሁሉ ድካም ምን እንዳስገኘ ዳላስ ላይ በዐይኔ አየሁ። ለቀስተኞቹ ቁመታቸው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል፣ አላባስተር ከሚባል ለስላሳ ነጣ ያለ ድንጋይ የተቀረጹ፣ የቡርጎኙ መስፍን የደፋሩ ዣን መቃብር ማጀቢያ ናቸው። ሥራው በ1443 ታዝዞ በ1470 አልቋል። ዲዦን ላይ በመቃብሩ ግርጌ ባሉት ቅስቶች ውስጥ ስለሚቆሙ ጀርባቸው አይታይም። የዲዦን ሙዚየም እድሳት ላይ በነበረበት ጊዜ ግን ከቅስቶቹ ወጥተው በሰልፍ ተደረደሩ፤ ተመልካቹም ዙሪያቸውን ይዞራል። አንዱ ቆቡን እስከ አገጩ ስቦ ፊቱን ሸፍኗል፤ አንዱ በካባው ጫፍ ዕንባውን ይጠርጋል። ወደ ኋላቸው ዞሬ ሳይ፣ ማንም አያየውም ተብሎ ሊተው ይችል የነበረው የካባ እጥፋት እንደ ፊተኛው ተጠንቅቆ ተቀርጿል። አጎንብሼ ለረጅም ጊዜ ተመለከትሁት።

ትስስሩ ወጪን በማካፈልም ይሳካለታል። በ2012 የተጀመረው የጣሊያናዊው ሠዓሊ የካራቫጆና የተከታዮቹ ዐውደ ርእይ በሞንፔሊዬና በቱሉዝ ከታየ በኋላ ወደ ሎስ አንጀለስና ወደ ሃርትፎርድ ተሻግሯል፤ አራት ሙዚየሞች አንድን ጥናትና አንድን ዝግጅት ተካፈሉ ማለት ነው። ከዚህ ጋር ሊነጻጸር የሚገባው የአትላንታው ሃይ ሙዚየም ከፓሪሱ ታላቅ ሙዚየም ከሉቭር ጋር ከ2006 ጀምሮ ለሦስት ዓመት ያደረገው ስምምነት ነው። እዚያ በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ከለጋሾች ተሰብስቦ፣ ከፊሉ ለሉቭር አዳራሾች እድሳት ውሏል። የአትላንታ ሕዝብ ብዙ ድንቅ ሥራ ስላየ አልነቅፈውም፤ ሆኖም እንዲህ ያለውን ገንዘብ ማሰባሰብ የሚችል ከተማ ጥቂት ስለሆነ፣ ለብዙኃኑ የሚበጀው የፍሬም መንገድ ነው እላለሁ።

ጉድለት አላየሁም ማለት ግን አልችልም። በመዋጮና በልግስና የሚቆም ሥርዓት ለጋሹ ሲደክም አብሮ ይደክማል፤ ከትስስሩ ውጭ ያለ ትንሽ ሙዚየምም ይህን በር በቀላሉ አያገኘውም። ሌላው ቅሬታዬ ለተመልካች የሚሰጠው መረጃ ማነስ ነው። ከጎበኘኋቸው ሙዚየሞች በአንዱ የለጋሾች ስም ግድግዳውን ሞልቶ ሳለ፣ ገንዘቡ ሳጥን ይግዛ፣ አጃቢ ይቅጠር፣ ወይስ ለተማሪዎች ጉብኝት ይዋል የሚል አንድ መስመር እንኳ አጣሁ። ጠይቄም የሚነግረኝ አላገኘሁም። አንድ አንቀጽ ቢጨመር ሰው የሚከፍለውን የመግቢያ ዋጋ በሌላ ዐይን ያየው ነበር።

ለቀስተኞቹ ዛሬ ዲዦን ናቸው። የመቃብሮቹ አዳራሽ በ2013 ዳግም ሲከፈት ወደየቅስታቸው ተመልሰዋል፤ ጀርባቸውም እንደ ቀድሞው ተሸፍኗል።